ቀዩን ሶላቶ ያባረርሁ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የልጅ ልጄ እጄን ጎትቶ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት አስገባኝና ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠኝ። የዓለም ሩጫ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ሩጫ ሲለኝ የኛ ልጆች የሚሮጡት ረጅሙ፣ ሻይህን ጠጥተህ፣ ውጭ ወጥተህ ተናፍሰህ ስትመለስ እንኳ ገና የሚዞሩበት መስሎኝ ጋቢዬን አጣፍቼ ተደላደልሁ። ለካ የአጭሩ ኖሯል። ጡንቻቸው እንደ ወይፈን ሻኛ ያበጠ ጎረምሶች፣ አንድም የኛ አገር ሰው የሌለበት፣ በየመስመራቸው ተንበረከኩ፣ ቂጣቸውን ወደ ሰማይ ሰቀሉ፣ ሽጉጥ ጮኸ፣ ስኳሬን አማስዬ ሳልጨርስ አለቀ። ይኼ ነው እንግዲህ ዓለም ተሰብስቦ የሚያየው። ከፊት የነበረው ደረቱን እየደቃ መንጎራደድ ሲጀምር ሻይ የምታቀርበው ልጅ ትሪዋን አስቀምጣ እልል አለች፤ ለማታውቀው፣ ለማያውቃት፣ አገሩን እንኳ ለማትጠራለት ሰው።

እልልታው አናደደኝ። «ምን ሠራ ብለሽ ነው እልል የምትይለት? ሲሸሽ አይደል እንዴ ያየሽው!» አልኋት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የልጅ ልጄ አፈረብኝና «አባባ፣ ኧረ አያሳፍሩኝ፤ የቀደመው እኮ ነው የሚያሸንፈው» አለኝ። እኔን ነው እንግዲህ፣ ቀድሞ መግባት ምን እንደሚያስከፍል፣ ትናንት ጥርሱን የነቀለ ልጅ የሚያስተምረኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። እጄ ከእርፍ እንጂ ከብዕር ተስማምቶ ባያውቅም ይኼን እጽፋለሁ፤ እሱ ያንብበው፤ ይኼ ከተማም ነገሩን እንደመሰለው ሲያወራው ስለኖረ፣ ማንበብ ከፈለገ ያንብበው፤ ካልፈለገም ይተወው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ በኋላ ነው። እኔ ገና ጢም ሊያበቅል አገጬን የሚያሳክከኝ ጎረምሳ ነበርሁ። ቤታችን ከገበያው በታች ወደ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ያለች የሣር ክዳን ነበረች። እናቴ ውብነሽ ጌሾ ትነግድ ስለነበር ያች ቤት ክረምት ከበጋ ጌሾ ጌሾ ትሸታለች፤ ልብሳችን ይሸታል፣ መደባችን ይሸታል፣ እንጀራችን እንኳ ትንሽ ይመራል፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዲያቆኑ አፍንጫውን ይዞ «ጠላ ቤት አድረህ ነው የመጣህ?» እያለ ያሽሟጥጠኝ ነበር። ዛሬ ጌሾ አጠገቤ በተከፈተ ቁጥር ቆሜ እቀራለሁ፤ ሻጮቹ ልገዛ ነው ብለው ይጠሩኛል፤ አልገዛም።

እናቴ መልካም ሴት ነበረች፤ እልልታ ግን አልተሰጣትም። ጥምቀትም ይሁን ክርስትና እንደ ሌሎቹ ሴቶች ትጀምራለች፣ ጥሩ አድርጋ ወደ ላይ ታወጣዋለች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ግን እንደ ወደቀ ገንቦ ይሰነጠቃል። የሰፈር ሴቶች «ውብነሽ፣ በሞቴ አንቺ አጨብጭቢ፤ እልልታውን ለኛ ተይልን» ይሏት ነበር። እሷም «እግዜር ከነስንጥቁ ያውቀዋል» ብላ እንደገና ትለቀዋለች። ከገበያ ሙሉ ሴት መሀል እሷን ለመለየት ጆሮ እንጂ ዓይን አያስፈልግም ነበር። ስለዚህም በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ከሷ ራቅ ብዬ እቆም ነበር።

አባቴ ቤት አልነበረም። ጠላት ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ጮቄ ተራራ ሥር፣ ከሮብ ገበያ በላይ ካሉት አርበኞች ጋር ሆነ። ሰፈሩ ይኼን ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፤ እኛም በተጠየቅን ቁጥር «ዓባይ ማዶ ለንግድ ወርዷል» እንላለን። አንድ ሰው ብቻ ነው በዚህ የሚስቅ፤ የመንደሩ አዛዥ ጭቃ ሹም ደምሴ። የዚህ ሰውዬ እርሻ ከአባቴ እርሻ ይዋሰናል፤ ድንበር እየገፋ ቢያስቸግረው አባቴ ዳኛ ፊት አቁሞ ረትቶታል፤ ያችን ረቺታ አልረሳትም። ጣሊያን ሲመጣ የናስ ቁልፍ ያለው ካፖርት ተሸለመና በፀሐይም በዝናብም እሷን ለብሶ እየዞረ፣ እጅ ስነሣው «አባትህ ከንግድ አልተመለሰም?» ይለኝና ይስቃል። ሳቁ ብቻውን የሚያስገርፍ ሰው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አስተርጓሚው፣ ያኔ ቱርጁማን የምንለው፣ በርሜል ላይ ወጥቶ አዋጅ ተናገረ። ካፒቴኑ ለንጉሣቸው በዓል ከምሽጉ በታች ባለው ሜዳ የሩጫ ውድድር ያደርጋል፤ አንድ ጣሊያን፣ አንድ የትሪፖሊ ወታደር፣ አንድ የሶማሌ ወታደር፣ አንድ ያገር ልጅ ይሮጣሉ። «ካፒቴኑ ‹ዓለም ሁሉ በዚህ ሜዳ ይሮጣል› ይላል» አለ ቱርጁማኑ። ያገሩ ልጅ ቀድሞ ከገባ የጣሊያን አስካሪ ወታደር ሆኖ፣ ቀይ መቀነት ታጥቆ፣ ከካፒቴኑ ጦር ጋር ይዘምታል። አውቆ የለገመ ግን እዚያው ይገረፋል። ካፒቴኑ ይገርፋል ሲባል ወሬ አልነበረም፤ ባንዲራቸው ሲሰቀል እጁን ዘግይቶ ያነሣ ሸማኔ ጀርባው ሲተለተል ሁላችንም ቆመን አይተናል።

ከሕዝቡ መሀል የናስ ቁልፉ ብልጭ አለ። «የውብነሽ ልጅ አለላችሁ፤ እግሩ እንደ ሚዳቋ ነው» አለ ደምሴ። ቀጥሎ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ እንደ አጎት ትከሻዬን ይዞ፣ «እንግዲህ ቀይ መቀነትህን ታጥቀህ አባትህን ራስህ ከንግድ ትመልሰዋለህ» አለኝ።

ነገሩ ይኼው ነበር። ብቀድም አባቴ ላይ ልዘምት ነው፤ ብለግም አለንጋ ነው። እምቢ ማለት የሚባል ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ የዛሬ ልጆች የማያውቁትን አንድ ነገር ልናገር። ያኔ እኛ ዘንድ ሰው ማንም ሳያሳድደው፣ እሱም ማንንም ሳያሳድድ፣ ከዚህ ገመድ እስከዚያ ገመድ ዝም ብሎ አይሮጥም፤ ያበደ እንደሆነ ነው። የምናውቀው ጉግስ ነው። ታላላቆቹ በፈረስ፣ እኛ በእግራችን የሸንበቆ ዘንግ ይዘን፣ ግማሹ ከፊት ይሸሻል፣ ግማሹ ከኋላ ያባርራል። እልልታው ለአባራሪው ነው። ጀርባውን ለሰጠ ሰው እልል ያለች ሴት በጎጃም ምድር አልታየችም።

በበዓሉ ጠዋት እናቴ ሰፌድ ላይ የጌሾ ቅጠል እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «ስማ ይግዛው» አለችኝ። «ቀድመህ የነሱ እንዳትሆን። ተጎትተህም ጀርባህን እንዳታስበላ። ተረከዙን ተረከዙን እያልህ አባርረው። ጉግስ ነው በለው።»

«ካፒቴኑስ?»

«ካፒቴኑ ‹ጥሩ ሮጠ፣ ለጥቂት ተቀደመ› ይላል። ያገሬ ሰው ደግሞ የሚያየውን ያያል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤትህ ትመጣለህ። ሽሮ አለ» አለችና ሰፌዷን አነሣች።

ሜዳው በሰው ጢም ብሎ ነበር፤ ሰው ወዶ አልመጣም፣ ጭቃ ሹሞቹ በየደጁ እየዞሩ ነድተው ነው ያመጡት። መነሻው ላይ በኖራ መስመር አሥምረዋል፣ መድረሻው ላይ ገመድ ወጥረዋል። ጣሊያናዊው ሯጭ ጠጉሩ እንደ በርበሬ የቀላ ሶላቶ ነበር፤ ባገሩ ከተማ በሩጫ ስም ያለው ነው ተባለ፤ ከጫማው ሥር ምስማር በቅሎበታል። ይኼ ቀዩ መስመሩ ላይ ደርሶ በድንገት ተንበረከከና እጁን መሬት አስነካ። ሊጸልይ መስሎኝ እኔም እንደ ክርስቲያን ወግ አማተብሁ። ካፒቴኑ ሳቀ፣ ሽጉጡን ወደ ላይ ተኮሰ፣ ቀዩ እንደ ተፈታ ወስፈንጥር ተስፈነጠረ፤ እኔ ያማተብሁበትን እጅ ገና አልመለስሁም ነበር።

ደረስሁበት። አለመድረስ ነበር የሚያቅተኝ። የጫማው ምስማር ሣሩንና ጭቃውን እየነቀለ ፊቴ ላይ ይረጫል፤ አንገቱ ከጠጉሩ ብሶ ሲቀላ አያለሁ፤ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሲነፋ እሰማለሁ፤ እግሬ ልለፈው ልለፈው ይላል፣ እኔ እይዘዋለሁ። ኋላ ብዙ ነገር አድርጌአለሁ፤ ያን እግር እንደመያዝ የከበደኝ ግን የለም። ሕዝቡ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከድንጋይ ላይ ተነሥቶ «በለው! ያዘው! ጣሊያኑን ያዘው!» ብሎ ሲጮህ ነገሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ታየው። የትሪፖሊውና የሶማሌው ከኔ ኋላ ናቸው፤ እኔ ከቀዩ ኋላ ነኝ። ሦስት ሰው አንድ ጣሊያን ሲያባርር ነው ሕዝቡ ያየው።

የዚያ ቀን እልልታ! ምሽጉ ላይ የነበሩት እርግቦች ሁሉ ተነሡ። ቀዩ ገመዱን በደረቱ በጥሶ እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ አንዲት አሮጊት ከፊት ሆነው «አይዞህ ልጄ፣ ከእንግዲህ አይነኩህም፤ አምልጠሃል» አሉት። ካፒቴኑ እልልታው ለሶላቶው መስሎት ተነሥቶ ቆቡን አውልቆ ለሕዝቡ እጅ ነሣ። እጅ በነሣ ቁጥር ሴቶቹ ይጨምራሉ፤ በዚያ ሁሉ መሀል የናቴ ስንጥቅ እልልታ ብቻዋን ትታወቃለች፤ በሕይወቴ በእልልታዋ ያላፈርሁበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ሽሮዬን እበላ ነበር።

ካፒቴኑ ምን እያሉ ነው ብሎ ጠየቀ። ቱርጁማኑ ብልህ ሰው ነበር፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ሹክ አለው፤ ካፒቴኑ ደስ አለውና ፈገግ አለ። ይኼን ጊዜ ያ የናስ ቁልፍ መጣ። «ጌታዬ፣ እየዋሸዎት ነው» አለ ደምሴ። ቱርጁማኑ ይኼን አልተረጎመም፤ የገዛ ውሸቱን ማን ይተረጉማል? ደምሴ ቢያየው አልሆነም፤ ካፖርቱን ሰብስቦ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዕድሜውን ሳያፍር፣ አንገቱን ወደ ኋላ እያዞረ፣ ዓይኑን እያፈጠጠ፣ እንደ ፈሪ ሮጠ። ከዚያ ቆመና በጣቱ ቀዩን አሳየ፤ ሕዝቡን አሳየ፤ ሳቀ። ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። የካፒቴኑ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ቱርጁማኑ ቀጥሎ የተናገረውን ወደ መሬት እያየ ነው የተናገረው። «አሁን ይኼ ልጅ ብቻውን ከፊት ይሮጣል፤ ሶላቶው ያባርረዋል። ከተያዘ ሁላችሁም እያያችሁ ይገረፋል። ካልተያዘም የካፒቴኑ ነው፤ ዛሬውኑ መቀነቱን ይታጠቃል።»

ገመዱን እንደገና ወጠሩና ከኖራው መስመር ወደፊት አራምደው አቆሙኝ። ቀድሞ የጮኸልኝ ሽማግሌ ፊቱን አዞረ። እኔ ከገመዱ ማዶ ከሴቶቹ መሀል እናቴን ፈለግሁ፤ አገኘኋት። ከሷ ኋላ ሜዳው ተዳፋት ይሆናል፣ ከተዳፋቱ ሥር ወንዙ አለ፣ ከወንዙ በላይ፣ ሩቅ፣ ጮቄ ደመና ተከናንቦ ተቀምጧል። እናቴ አልጠራችኝም፣ እጇንም አላነሣች፤ ከንፈሯን ብቻ ወደ ተራራው ሾል አደረገች። ሽሮው እንደማይበላ ያኔ ገባኝ።

ሽጉጡ ጮኸ፤ አሁንስ እግሬን ለቀቅሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፤ ማንም ሮጦ አያውቅ ይመስለኛል፤ በቴሌቪዥን ያየኋቸውንም ጨምሬ ነው የምናገር። የቀዩ ምስማር ሲቆረቁር ትንሽ ሰማሁት፤ ከዚያ አልሰማሁትም። የሰማሁት ያገሬን ሰው ነው። «ሸሸ! ወይ ጉድ! ወይ ውርደት!» ይላል አንዱ። «ዙር እንጂ! ዞረህ ግጠመው፣ አንተ ፈሪ!» ይላል ሌላው። «የማን ልጅ ነው?» ትላለች አንዷ፤ ማን እንደሆነ እያወቀች። ገመዱን በደረቴ በጥሼ ወደነሱ ስገባ እንዳልረግጣቸው ብለው ግራና ቀኝ ተበተኑ፤ አንድ ሰው ምራቁን ተፋብኝ፤ ጉንጬ ላይ አረፈ። ወንዝ እስክደርስ አልጠረግሁትም።

ሰዉን አልፌ ተዳፋቱን ስይዝ ነው ከኋላዬ የሰማኋት። አንዲት እልልታ፤ ሌላ አልተከተላትም። ጀመረች፣ ጥሩ አድርጋ ወደ ላይ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ተሰነጠቀች። ከዚያ ጠመንጃ ተንጣጣ። ዞሬ አላየሁም፤ ዞሬ ባይ እመለስ ነበር።

በማግስቱ ጮቄ ሥር አባቴን አገኘሁት። ከራስ እስከ እግሬ አየኝና «እናትህስ?» አለ። የሰማሁትን እልልታና ተኩስ ነገርሁት። መልሱን ከጊዜ በኋላ ጨው ልትሸጥ የመጣች የሰፈራችን ሴት አመጣችልን። ካፒቴኑ «ያች እልል ያለች ማን ናት?» ብሎ ሲያፋጥጥ ሕዝቡ አላየንም ብሎ ነበር፤ ምራቃቸውን የተፉት ሳይቀሩ እዚያ ላይ እንኳ አፋቸውን ይዘዋል፤ ይኼን አልነፍጋቸውም። ደምሴ ግን «ገንቦ ሲሰበር አልሰማችሁም? ውብነሽ ናት» አለ። ቤታችንን ያኑ ዕለት አቃጠሉት፤ የጌሾው ጢስ በሰፈሩ ላይ ስንት ቀን ተኝቶ ከረመ። እሷን ምሽጉ ውስጥ አስገቧት። ስትወጣ ያየ የለም፤ የት እንደቀበሯትም እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ጠላት ወጣ፣ ተመለስን። ቤታችን የነበረበት ላይ ሰው የሚያህል ሳማ በቅሏል። ከተማው ግን ስም አውጥቶ ጠበቀኝ፤ «ከቀዩ የሸሸው» ይሉኝ ነበር፤ ጠላ ቤት ስገባ «ቀዩ መጣ፣ ሩጥ!» የሚል አይጠፋም። ሁለት ጥርስ አርግፌአለሁ፤ የሰው ነው፣ የኔ አይደለም። ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ወሬው ተገለበጠና ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበረ ሁሉ «እኛ እኮ ነን መንገድ የከፈትንልህ» ማለት ጀመረ። ምራቁን የተፋው ሰውዬ ራሱ በልጄ ሠርግ ላይ ተነሥቶ ይኼንኑ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ከሁሉም የሚብሰው ደምሴ ነው። የናስ ቁልፉን ነቅሎ እንደ አርበኛ ጎፈር ደፋና «ወደ አባቱ ጦር እንዲሄድ ብዬ እኮ ነው ልጁን ለሩጫው የመረጥሁት» እያለ በየግብዣው የክብር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰማንያውን አልፎ በአልጋው ላይ ሞተ። ሊቀብረው ያልወጣ ሰው ከተማው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርሁ። ካህናቱ ይቅር በል ብለው ቤቴ ድረስ መጡ፤ የናቴን መቃብር አሳዩኝና እዚያ ላይ ቆሜ ይቅር እላለሁ አልኋቸው። ማሳየት አልቻሉም፤ እኔም አላልሁም። አሁንም አልልም።

ያ ሜዳ ዛሬ መናኸሪያ ነው። የደጀን አውቶቡስ የሚቆምበት ላይ ነበር የኖራው መስመር፤ ሻይ ቤቱ ያለበት ላይ ነበር ገመዱ። ያች ልጅ ትሪዋን አስቀምጣ እልል ያለችበት ቦታ፣ እንግዲህ፣ እናቴ የቆመችበት ነው። ልጅቱ ይኼን አታውቅም፤ ተቆጥቻት ወጣሁ።

የልጅ ልጄ የቀደመው ነው የሚያሸንፈው ይላል። አውቃለሁ ልጄ። ያን ቀን ቀዳሚው እኔ ነበርሁ፤ ቀዩ አጠገቤ እንኳ አልደረሰም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ይኼን ያወቀች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ዋጋውንም ከፈለች። መልኳ ጠፍቶብኛል፤ ፎቶግራፍ አልነበራት። ሠርግም ጥምቀትም ሲሆን ዳር ቆሜ የሴቶቹን እልልታ ጫፍ ጫፉን አዳምጣለሁ። የዛሬ ልጆች እልልታ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው፤ እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ የማን እናት እንደሆነች ግን አትለይበትም።